ሜናዋና ማኪንቶሽ፦ ከመንገድ ዳር ሰሌዳዎች ጀርባ

አትላንታ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን ወሬ በመጀመሪያ ለእናንተ ላውጋችሁ፤ ሌላው ከጎን ሆኖ ይስማ። ከመካከላችሁ ፒችትሪ የሚባል መንገድ ያላሳሳተው ሰው አለ? ፒችትሪ ስትሪት፣ ፒችትሪ ሮድ፣ ዌስት ፒችትሪ... ታክሲ የነዳ ሁሉ አንድ ቀን በዚህ ስም ተደናግሮ ደንበኛ አስኮርፏል። ስሙ ግን ከመንገዱ ይቀድማል። በቻታሁቺ ወንዝ ዳር ስታንዲንግ ፒችትሪ የሚባል የክሪክ ሕንዶች መንደር ነበረ። በ1814 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ጆርጅ ጊልመር የሚባል ወጣት መኮንን ጥቂት ወታደሮች ይዞ መጣና እዚያው ምሽግ ሠራ። ምሽጉን ፎርት ዳንኤል ከሚባል ሌላ ምሽግ ጋር የሚያገናኝ መንገድም ተጠረገ። የዛሬው ፒችትሪ ሮድ መነሻው ያ የጦር መንገድ ነው። ሐበሻው የሰፈረበት ክላርክስተንስ ብትሉኝ፣ ያለበት ዲካልብ ካውንቲ ክሪኮች በ1821 ውል ከለቀቁት መሬት ላይ በዓመቱ የተቋቋመ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥታችሁ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ ስትነዱ መንገድ ዳር ሰሌዳ ታያላችሁ። ጆርጂያ ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ የግዛቲቱ ማኅተም አናቱ ላይ አለ፤ ብዙዎቹ የተተከሉት በ1950ዎቹ ነው። አላባማ ስትገቡ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ጽሑፉ አጭር ነው፤ እዚህ ምሽግ ነበረ ይላል፣ እዚያ ሰፋሪዎች ተገደሉ ይላል። ግሪንስቦሮ በ1786 ተቆረቆረች፣ በዓመቱ ክሪኮች አቃጠሏት። በቻታሁቺ ዳር የነበረችው ሮአኖክ በ1836 ተቃጠለች። ሁሉም እውነት ነው። እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው፦ ሰሌዳዎቹን ብቻ ያነበበ ሰው፣ በአንድ ወገን ሰፋሪ፣ በሌላው ወገን ሕንድ ተሰልፈው ሲዋጉ ይታዩታል። የ1813ና የ1814ቱ የክሪኮች ጦርነት ግን እንደዚያ አልነበረም። እንዴት እንደነበረ በሁለት ሰዎች ልንገራችሁ። አንዱ ሜናዋ ነው፣ ሁለተኛው ዊሊያም ማኪንቶሽ።

ሁለቱም ክሪኮች ናቸው። ሕዝቡ ራሱን ማስኮጊ ይላል፤ ዛሬ ጆርጂያና አላባማ በሚባለው አገር በወንዞች ዳር ከተማ ከተማ ሆኖ ይኖር ነበር። ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ወገን ነው። ስለዚህ የማኪንቶሽ አባት ስኮትላንዳዊ መሆኑ ከክሪክነቱ ቅንጣት አላጎደለበትም፤ በቻታሁቺ በኩል ከነበሩት የታችኞቹ ክሪኮች አለቆች አንዱ ሆነ። ሜናዋ ደግሞ የላይኞቹ ነው፣ የኦክፈስኪ ሰው። በወጣትነቱ የቴነሲ ሰፋሪዎችን ፈረስ በመንዳት ስሙ የገነነ፣ በኋላ ግን ብዙ ከብትና ሱቅ ያፈራ ባለጸጋ።

በ1811 ሾኒ የሚባለው የሕንድ ሕዝብ አለቃ ቴኩምሴ ከሰሜን መጥቶ በክሪኮች ጉባኤ ላይ ተናገረ፤ ነጩ መሬታችሁን ሳይጨርስ ተነሡ አለ። በዚያ ወቅት የመንግሥት ወኪሉ ቤንጃሚን ሆኪንስ ክሪኮችን ማረሻና መሸመኛ ሲያስለምድ ዓመታት ቆይቶ ነበር። አንዳንዱ ተቀበለ፤ አንዳንዱ አባቶቻችን ያላወቁትን አንይዝም አለ። እምቢ ያሉት ከሚይዙት ቀይ ዱላ ቀይ በትሮች ተባሉ። ወዲያው እርስ በርስ መገዳደል ተጀመረ። ክሪክ ክሪክን የገደለበት ያ ጊዜ ሰፋሪዎች ከመግባታቸው በፊት ነው፤ ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ አላባማ ደቡብ እንውረድ፣ ወደ ሚምስ ምሽግ። በጁላይ 1813 ቀይ በትሮች ፔንሳኮላ ወርደው ከስፔን ገዢ ባሩድ ተቀብለው ሲመለሱ በርንት ኮርን በሚባል ጅረት ሚሊሻ አደጋ ጣለባቸው። ደሙን ሊመልሱ መጡ። ሳሙኤል ሚምስ የሚባል ሰው ግቢውን በግንድ አጥሮ ነበር፤ አካባቢው ሁሉ እዚያ ተጠልሏል። ማን ማን? ነጭ ሰፋሪ፣ ወታደር፣ ባሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰፋሪ ጋር የተጋቡ የክሪክ ቤተሰቦች። ከተከላካዮቹ አዛዦች አንዱ ካፒቴን ዲክሰን ቤይሊ ራሱ በእናቱ ክሪክ ነው። ከአጥቂዎቹ መሪዎች አንዱ ዊሊያም ዌዘርፎርድም በእናቱ ክሪክ ነው፤ አጥሩ ውስጥ የሥጋ ዘመዶች አሉት።

በዋዜማው ከብት ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ባሮች እየሮጡ መጥተው፣ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ ተዋጊዎች አየን አሉ። ፈረሰኛ ቢላክ ምንም አላገኘም። አንደኛው በውሸታምነት ተገረፈ! ኦገስት 30 እኩለ ቀን ላይ፣ ለምሳ ከበሮ ሲመታ፣ የተባሉት ተዋጊዎች ደረሱ። በሩ ክፍት ነበር፤ ነፋስ የቆለለው አሸዋ አላስዘጋ አለ። አዛዡ ሻለቃ ቢዝሊ በሩን ለመዝጋት ሲታገል እዚያው ወደቀ።

እልቂት ነበረ፤ ማንም አይክድም። በ1917 የደቡብ ኮንፌዴሬሽን ልጆች የሚባለው የሴቶች ማኅበር እዚያ ድንጋይ አቆመ፤ በክሪኮች ለተጨፈጨፉት ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት መታሰቢያ ነው። ሌላው የቆየ ሰሌዳ ደግሞ ከ550 ያህል ሰዎች የተረፉት 36 ብቻ ናቸው ይላል፤ ባሩዱንም የሰጠው እንግሊዝ ነው ይላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊቀብሩ የሄዱት ወታደሮች ግን በአጥሩ ውስጥ የቆጠሩት 247 ሬሳ ነው። ብዙ ባሮችም ሳይገደሉ ተማርከው ተወስደዋል። ከሟቾቹ ስንቱ የገዳዮቹ ዘመድ እንደነበር ድንጋዩም ሰሌዳውም አያነሡም።

አገር ተንቀጠቀጠ። ከቴነሲ አንድሪው ጃክሰን፣ ከጆርጂያ ጄኔራል ፍሎይድ፣ ከሚሲሲፒ ግዛት ጄኔራል ክሌይቦርን ዘመቱ። በታሉሻቺ፣ በታላዴጋ፣ በኦቶሲ ብዙ ሰው አለቀ። የሂላቢ መንደር ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። ሰዎቹ ወደ ጃክሰን መልእክተኛ ልከው እጃችንን እንሰጣለን ብለዋል፤ እርሱም ተቀብሏል። ይህን ያልሰማው የምሥራቅ ቴነሲ ጦር ንጋት ላይ ደርሶ ፈጃቸው። ከዚያ ወዲያ ቀይ በትሮች ዕርቅ የሚባል ነገር ማመን ተዉ።

ማርች 27 ቀን 1814፣ ታላፑሳ ወንዝ። ወንዙ እንደ ፈረስ ኮቴ ተጠማዞ መሬቱን ከሦስት ወገን ይከባል፤ ሆርስሹ ቤንድ የሚሉት ለዚህ ነው። በአራተኛው ወገን ክሪኮች ወፍራም የግንድ ግድግዳ አቁመዋል። ውስጥ ወደ 1,000 ተዋጊዎች፣ ከ300 በላይ ሴቶችና ሕፃናት፤ ሜናዋ ከመሪዎቹ አንዱ ነው። ውጭ ጃክሰን ከ3,000 በሚበልጥ ሠራዊት። ማኪንቶሽስ? እርሱም ውጭ ነው፣ ከጃክሰን ጋር፣ የታችኞቹን ክሪኮች ይዞ።

ጃክሰን ሁለት ሰዓት ያህል መድፍ ቢተኩስ ግድግዳው ፍንክች አላለም። ጦርነቱን የለወጡት ከጃክሰን ጋር የተሰለፉት ሌሎች ሕንዶች፣ ቸሮኪዎች ናቸው። ከወንዙ ማዶ የነበሩት ዋኝተው ተሻገሩና የክሪኮቹን ታንኳዎች ሰርቀው አመጡ፤ በታንኳዎቹ ሰው አሻግረው መንደሩን ከኋላ በእሳት ለቀቁት። የጃክሰን ጦርም ያኔ ግድግዳውን ዘለለ። በነገራችን ላይ፣ በዚህ ዘመቻ የቸሮኪ ጦር ውስጥ ሴኮያ የሚባል ሰው ነበረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለቋንቋው ፊደል የቀረጸው እርሱ ነው፤ ያውም እንደ እኛው አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የሚይዝበት። ፊደል ያለው ሕዝብ ልጅ ስለሆንሁ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም።

በማግስቱ የጃክሰን ሰዎች ሬሳ ቆጠሩ። እንዳይደገም ከእያንዳንዱ የአፍንጫውን ጫፍ እየቆረጡ 557 አሉ። ወንዙ የበላው ወደ 300 ይገመታል። ሜናዋ ሰባት ቦታ ቆስሎ በሬሳ መካከል ተኝቶ ዋለ፤ ሲመሽ ተስቦ በታንኳ አመለጠ።

ድል አድራጊዎቹ ክሪኮች ምን አገኙ? ኦገስት 9 ቀን 1814 በጃክሰን ምሽግ ውል ተፈረመ። ወደ 23 ሚሊዮን ኤከር መሬት፣ ከ9 ሚሊዮን ሄክታር በላይ፣ ተወሰደ። ጃክሰን የወዳጅና የጠላት ብሎ አለየም፤ ከጎኑ ቆመው የደሙለትን ሰዎች መሬት አብሮ ወሰደ። ውሉን ከፈረሙት አለቆች አብዛኞቹም እነዚያው ወዳጆቹ ነበሩ።

ዐሥራ አንድ ዓመት እንለፍ። ማኪንቶሽ በኢንዲያን ስፕሪንግስ የእንግዳ ማረፊያ ሠርቷል፤ ቤቱ በበትስ ካውንቲ ዛሬም ቆሟል፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1825 እዚያው አካባቢ ከጥቂት አለቆች ጋር የቀረውን የጆርጂያ መሬት በሙሉ ሸጠ። የጆርጂያው ገዢ ጆርጅ ትሩፕ የአጎቱ ልጅ ነው። ያለ ጉባኤው ፈቃድ መሬት የሸጠ በሞት ይቀጣል የሚለውን የክሪኮች ሕግ ማኪንቶሽ ራሱ የደገፈው ነበር። ጉባኤው ፈረደ፤ ፍርዱን እንዲፈጽም የታዘዘው ሜናዋ ሆነ። ኤፕሪል 30 ንጋት ላይ በቻታሁቺ ዳር ያለውን ቤቱን ከበቡ፣ እንግዶቹን አስወጡ፣ ጣራውን አቃጠሉ፣ ባለቤቱን ገደሉ። ቦታው ዛሬ በካሮል ካውንቲ መናፈሻ ነው። የእኛ ሰው ቢሆን ማኪንቶሽን ባንዳ ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ግን አልቸኩልም፤ ነጩን ተቋቁሞ መቅረት አይቻልም ብሎ ያመነ፣ በእምነቱም የነገደ ሰው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ሜናዋ በ1826 ዋሺንግተን ሄዶ ያ ውል ሲሻር አየ። በምትኩ የተፈረመው አዲስ ውል ግን ጆርጂያን ያው ወሰደ። ክሪኮች ወደ አላባማ ተጨናነቁ፤ በ1832 ውል መሬቱ በየቤተሰቡ ሲከፋፈል አጭበርባሪ ነጋዴ እያሳሳቀ ነጠቃቸው። የተራቡት በ1836 ተነሡ፤ ሮአኖክ የተቃጠለችው ያኔ ነው። አመፀኛ የተባሉት 2,495 ሰዎች፣ ወንዶቹ በሰንሰለት ታስረው፣ ወደ ምዕራብ ተጋዙ። ያላመፁትም አልቀሩም፤ በዚያ ዓመት የተጋዙት በድምሩ 14,609 ናቸው። ሜናዋ በዚህ ጦርነት ከመንግሥት ጎን ቆሞ ነበር። እርሱም ተጋዘ። በጉዞው ላይ እንደ ሞተ ይነገራል።

ሎቻፖካ ከሚባለው ከተማ የተጋዙት እሳታቸውን ይዘው ኦክላሆማ ደረሱና በአንድ የኦክ ዛፍ ሥር ለኮሱት፤ ከዚያ ሰፈር ተልሳ የምትባለው ከተማ በቀለች። በ2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማስኮጊዎች የተከለለ ምድር በሕግ ፈርሶ እንደማያውቅ ፈረደ።

አላባማ የቀሩም አሉ፤ ፖርች ክሪክ ይባላሉ፣ መንግሥት በ1984 ዕውቅና ሰጥቷቸዋል። ብዙዎቹ በሚምስ ምሽግ ዙሪያ ከነበሩት፣ ከመንግሥት ጋር ከተሰለፉት ቤተሰቦች የሚወለዱ ናቸው። ከጃክሰን ምሽግ ብዙም በማይርቀው በዌተምፕካ፣ ከመጋዙ በፊት የመጨረሻው ዋና ከተማ በነበረው በሂኮሪ ግራውንድ ላይ የቁማር ቤት ሠሩ። ለግንባታው የ57 ሰዎች ዐፅም ከመሬት ወጣ። የኦክላሆማዎቹ ማስኮጊዎች፣ የሟቾቹ ልጆች እኛ ነን ብለው፣ በዲሴምበር 2012 የፖርች ዘመዶቻቸውን ፍርድ ቤት ከሰሱ።