ከአይጥ ፅንስ የሚገኙ ስቴም ሴሎች ምን መሆን ይችላሉ? ምንስ አይችሉም?

የአይጥ እርግዝና ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በሦስት ቀን ተኩሉ ፅንሱ ገና ከማህፀን ግድግዳ ጋር ያልተጣበቀ፣ ውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ የህዋሳት ኳስ ነው። የኳሱ ሽፋን ኋላ ላይ በእንግዴ ልጁ ሥራ ይካፈላል። ከውስጥ በአንድ ጎን የተከማቹት ጥቂት ህዋሳት ደግሞ የአይጧን አካል ይሠራሉ። ስቴም ሴል ወይም ግንደ ህዋስ የሚወጣው ከእነዚህ ነው።

በአውሮፓውያኑ 1981 ማርቲን ኢቫንስ እና ማቲው ካውፍማን በእንግሊዟ ካምብሪጅ፣ ጌል ማርቲን ደግሞ በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ፣ በየፊናቸው ህዋሳቱን ከፅንስ አውጥተው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ማራባት ቻሉ። በፅንሱ ውስጥ ይህ ባሕርይ በጥቂት ቀናት ያልፋል። በሳህን ላይ ግን፣ የሚስማማቸውን ካገኙ፣ ማንነታቸውን ሳይለውጡ ለረዥም ጊዜ ይባዛሉ። ከሚስማሟቸው ነገሮች አንዱ 'ሊፍ' የተሰኘ ፕሮቲን ነው። እርሱ ሲነሳባቸው ወደ ነርቭ፣ ወደ ደም፣ ወደ ልብ ጡንቻ መለወጥ ይጀምራሉ፤ የልብ ህዋሳቱ እዚያው ሳህኑ ላይ ሲመቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ጠንካራው ማስረጃ ግን ከሳህን ውጪ ያለው ነው። ህዋሳቱ በሌላ አይጥ ለጋ ፅንስ ውስጥ ሲጨመሩ የሚወለደው ግልገል የሁለቱ ቅይጥ ይሆናል፤ የፀጉር ቀለማቸው ከተለያየ ዥጉርጉርነቱ በዓይን ይለያል። በ1984 ደግሞ የኢቫንስ ቡድን ህዋሳቱ የዘር ህዋስ ጭምር እንደሚሆኑ አሳየ። ስለዚህ በሳህን ላይ የተደረገ የዘረ መል ለውጥ ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። አንድን ዘረ መል መርጦ ከአይጥ ማጥፋት የተቻለው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ኢቫንስ፣ ማሪዮ ካፔኪ እና ኦሊቨር ስሚዚስ በ2007 የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል።

ይሁንና "ሁሉን ይሆናሉ" ማለት ስህተት ነው። የእንግዴ ልጅ በመሥራት ረገድ ደካማ ስለሆኑ ብቻቸውን ማህፀን ውስጥ ቢቀመጡ ግልገል አይሆኑም። በአዋቂ አይጥ ቆዳ ሥር ከተወጉ ደግሞ አጥንት፣ ቆዳና የነርቭ ህብረ ህዋስ የተደባለቁበት ዕጢ ይፈጥራሉ። ህዋሱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ለሕክምና የሚያስቡትን የሚያሳስባቸውም ሳይለወጥ የቀረ ህዋስ ወደ ዕጢ እንዳያመራ ነው።

የሰው ፅንስ ስቴም ሴል የተገኘው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1998 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ነበር። በተለመደው አረባብ የሚያድገው ይህ ህዋስ የሚመስለው የአይጡን ለጋ ህዋስ ሳይሆን፣ ፅንሱ ከማህፀን ከተጣበቀ በኋላ የሚገኘውን ነው። ያኛው የአይጥ ህዋስ ደግሞ በለጋ ፅንስ ውስጥ ቢጨመር አብዛኛውን ጊዜ አይቀየጥም። በሰው ፅንስ ላይ የቅይጥ ሙከራ አድርጎ ግልገል እንደሚጠበቀው ልጅ እስኪወለድ መጠበቅ ሥነ ምግባር የማይፈቅደው በመሆኑ፣ የሰው ህዋስ አቅም የሚለካው በሳህን ላይ እና በአይጥ አካል ውስጥ በሚፈጥረው ዕጢ ነው።