የእንቁላል ነገር፦ ይታጠባል ወይስ አይታጠብም?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ ውድ አንባብያን፣ ዛሬ በእግሩ ከመሄዱ በፊት ስላለው እንቁላል ላውራችሁ። ነገሩ ተራ ይመስላል። እኔም ተራ መስሎኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወፍ ጉንፋን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዶሮዎችን ስላስፈጀ በአሜሪካ የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደርሶ ነበር። በዚያ ሰሞን ጓሮ ካላቸው ብዙዎቹ ዶሮ ገዙ፤ አንድ ወዳጄም አራት አመጣ። እናቱ ከጎጃም ለጥየቃ መጥተው ሳለ፣ ምራታቸው የተለቀመውን እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ስታሽ አዩና «ልጄ፣ እንቁላል እኮ አይታጠብም» አሏት። «እማዬ፣ ይሄ አሜሪካ ነው እኮ! እዚህ ንጽሕና ይጠበቃል» አለቻቸው። ገበታ ላይ የነበርነው ሁላችን ሳቅን። እሳቸው ዝም አሉ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ሳቁ አልወረደልኝም፤ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ።

እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ ቅርፊቱ በስስ እርጥብ ሽፋን ተለብጦ ነው፤ ሽፋኑ ወዲያው ይደርቃል። ቅርፊቱ ከ7,000 እስከ 17,000 የሚደርሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፣ ሽፋኑም እነዚያን ይደፍናቸዋል። ሲታጠብና ሲታሽ ይነሳል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፦ የውስጡ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ከውጭ ያለውን እርጥበት ከነቆሻሻው በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ይስባል። ምራቲቱ በንጽሕና ስም ያደረገችው ይህንኑ ነበር።

የእናቶቻችን ሥርዓት ሌላ ነበር። እንቁላሉ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግና ጤፍ ወይም ገብስ ውስጥ ይቀበራል። እህሉ ቀዝቃዛ ነው፣ እርስ በርስ እንዳይጋጭም ይይዘዋል። ይህ የስስት ነገር እንዳይመስላችሁ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲሆን ዶሮ ግን አትጾምም፤ ስትጥል ትከርማለች። የተጠራቀመው ለፋሲካው ዶሮ ወጥ፣ ለገበያና ለጨው መግዣ፣ ከሁሉ በላይ ግን ለመታቀፊያ ይፈለጋል። ከገዙ በኋላ ማጭበርበር እንዳይኖር በጆሮ አጠገብ ነቅነቅ ማድረግ፣ ወደ ብርሃን ይዞ ማየት፣ ውሃ ውስጥ መክተት ነበር፤ የሰነበተው አየሩ ስለሚበዛ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ስል ግን ሁሉም ደህና ነበር አልልም። ገምቶ የተገኘውንና ቤቱን ያሸተተውን የማያስታውስ ያገር ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ፈረንጆቹስ? ማቀዝቀዣ ሳይስፋፋ በፊት እነሱም ያው ነበሩ። እንቁላሉን ሳያጥቡ በኖራ ውሃ፣ ወይም ሶዲየም ሲሊኬት በሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ በተሞላ እንስራ ውስጥ ለወራት ያቆዩ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሁለት ዶሮ በጓሮ አርቡ እያለ ማስታወቂያ ይለጥፍ ነበር። በዚያው መሥሪያ ቤት ከ1908 ጀምሮ የምግብ ምርምር ላቦራቶሪውን የመሩት ሜሪ ኤንግል ፔኒንግተን የምትባል የኬሚስትሪ ሊቅ ነበረች፤ እንቁላልና ዶሮ እንዴት ቀዝቅዞ ሳይበላሽ እንደሚጓጓዝ የመረመረች ሴት። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ነጋዴ የታጠበ እንቁላል ቶሎ ይበላሻል ብሎ ይጠራጠረው ነበር። ልብ በሉ! ጎጃሜዋ ያሉትን ነው የሚለው።

አሜሪካ ሐሳቧን የለወጠችው ማጠቢያ ማሽንና ማቀዝቀዣ አብረው ሲመጡ ነው። በ1970 የእንቁላል ውጤቶች ቁጥጥር ሕግ ወጣ፤ የእርሻ መሥሪያ ቤቱን የደረጃ ማኅተም የሚይዝ እንቁላልም መታጠብ አለበት። ውሃው ግን ቢያንስ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከእንቁላሉም በ11 ዲግሪ ገደማ የሞቀ መሆን አለበት። ከዚያ ተህዋስያን የሚገድል መድኃኒት ይረጫል፣ ይደርቃል፣ በ7 ዲግሪ ይቀመጣል። እንግዲህ በቧንቧ ውሃ ማሸት አሜሪካዊ ሕግ እንኳ አይደለም!

አውሮፓ በተቃራኒው ነው። በኅብረቱ ደንብ አንደኛ ደረጃ እንቁላል አይታጠብም። የታጠበ ቆሻሻ እንቁላል የቆሸሸ ቤትን ይደብቃል፣ ከመነሻው ንጹሕ ይሁን ነው ነገሩ። ስዊድን ግን ለቆየ ልማዷ ፈቃድ አግኝታለች። ለዚህ ነው ለንደን ያለው ዘመዳችሁ ላባ የተጣበቀበት እንቁላል ከመደርደሪያ ላይ አንስቶ የሚገዛው።

አንባቢ ይፍረደኝ፣ እናቶቻችን ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበሩ ብዬ ግን አላታልልም። በ1980ዎቹ ሳልሞኔላ ኢንተራይቲዲስ የተባለው ተህዋሲ ቅርፊት ከመሠራቱ በፊት ከዶሮዋ ማኅፀን ወደ እንቁላሉ እንደሚገባ ታወቀ። ለዚህ ጨርቅም ሳሙናም አያድንም። በዲሴምበር 1988 የብሪታንያ የጤና ምክትል ሚኒስትር ኤድዊና ከሪ አብዛኛው የአገሪቱ ምርት ተበክሏል ብላ ስትናገር ገበያው ወደቀ፤ እሷም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሥልጣን ወረደች። ብሪታንያ ነገሩን የገታችው በክትባት ነው፦ ከ1998 ጀምሮ የአንበሳ ማኅተም (የኛ አንበሳ አይደለም) ያለበት እንቁላል ከተከተቡ ዶሮዎች ይመጣል። በአሜሪካ ደግሞ በ2010 ከአይዋ እርሻዎች የወጣ ከ500 ሚሊዮን በላይ እንቁላል ከገበያ ተሰበሰበ። ማሽኑ ያንን አላዳነም።

ስለዚህ ዶሮ ያላችሁ የሚጥሉበትን ገለባ ቶሎ ቶሎ ለውጡ፣ በየቀኑ ልቀሙ፣ ጭቃ ካለው በደረቁ ጥረጉ፣ ሳታጥቡ ሹሉን ወደ ታች አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። መታጠብ ካለበት ለብ ባለ ውሃ፣ ሊሠራ ሲል። የተሰነጠቀውን ጣሉት፣ አብስሉም።

ባለፈው እኒያን እናት ጎጃም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ስለ ቀዳዳው፣ ስለ አውሮፓ ደንብ ዘረዘርኩላቸው። «እኔስ የታጠበ አይፈለፈልም ብዬ ነው እንጂ፣ ይህን ሁሉ መቼ አውቄ» አሉ። ከተማው አውራ ዶሮ ስለማይፈቅድ የሚፈለፈል እንኳ እንደሌለ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ ማነው የሚቀሰቅሳችሁ?» አሉኝ።