የምራቅ ጠጠር፦ ንፍፊት ያልሆነው እብጠት

አማርኛ የበሰለን ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይለዋል። ሽማግሌ ሲመርቅ «እንትፍ እንትፍ» ይላል። ሎሚ ሲቆረጥ ያየ ሰው ገና ሳይቀምሰው አፉ በምራቅ ይሞላል። ለምራቅ ይህን ያህል ቦታ የሰጠው አነጋገራችን ምራቅ መውጫው ተዘግቶ ሲያሳምም ግን የሚጠራበት ስም ያጥረዋል። ከመንጋጋ ሥር ያበጠው «ንፍፊት»፣ ከጆሮ ሥር ያበጠው «ጆሮ ደግፍ»፣ ዙሪያውን የሚጠዘጥዘው «የጥርስ ሕመም» ይባልና ይታለፋል። ስሙ ሲሳት መድኃኒቱም ይሳታል።

ሐኪሞች ይህን ሕመም «ሲያሎሊትያሲስ» ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ሲያሎን» ምራቅ፣ «ሊቶስ» ድንጋይ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ለመመለስ ሦስት መንገድ አለ። «የምራቅ ድንጋይ» ቢባል ቃል በቃል ልክ ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ሰውነት ውስጥ ረግቶ ለሚደርቅ ነገር «ጠጠር» ማለትን ለምዷል፤ የኩላሊት ጠጠር፣ የሐሞት ጠጠር እንላለን። «የምራቅ ዕጢ ጠጠር» ለመማሪያ መጽሐፍ ይበጃል። ችግሩ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ጌታ ማገልገሉ ነው፦ ፈሳሽ የሚያመነጨውንም ጤነኛ አካል፣ ያላግባብ ያደገውንም እባጭ ይጠራበታል። «ዕጢ አለብህ» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ካንሰርን ነው። ስለዚህ ለዕለት ንግግር «የምራቅ ጠጠር» የሚለውን እመርጣለሁ፤ አጭር ነው፣ አያስደነግጥም፣ ከወንድሞቹ ጋርም ይሰለፋል።

ጠጠሩ የት ነው የሚፈጠረው? ምራቅ የሚያመነጩ ሦስት ጥንድ ዋና ዋና ዕጢዎች አሉን፦ ከጆሮ ፊት ለፊት፣ ከመንጋጋ ሥር እና ከምላስ ሥር። ትንንሾቹ ተጨምረው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያወጣሉ። ምራቅ ውስጥ ካልሲየምና ፎስፌት አለ። ፍሰቱ ሲዘገይ ወይም ሲወፍር እነዚህ ማዕድናት እየረጉ ይደርቃሉ፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ነጭ ቅርፊት እንደሚይዘው ማለት ነው። ከአሥር ጠጠሮች ስምንት ወይም ከዚያ በላይ የሚገኙት ከመንጋጋ ሥር ባለው ዕጢ በኩል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚህ ዕጢ ምራቅ ወፈር ያለና ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ቱቦውም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይዞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ቱቦው እ.ኤ.አ. በ1656 ስለ ዕጢዎች መጽሐፍ ባሳተመው እንግሊዛዊ ሐኪም በቶማስ ዋርተን ስም ይጠራል።

የምራቅ ጠጠር ትልቁ መለያ የሚያምበት ሰዓት ነው። ምግብ ሲቀርብ፣ አንዳንዴም ሽታው ብቻ ሲመጣ፣ ምራቅ ይመነጫል፤ መውጫው ግን ዝግ ነው። በአንድ ወገን መንጋጋ ሥር እብጠት ይነሳል፣ ይወጥራል፣ ያማል። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ምራቁ በጠጠሩ ዳር እየሾለከ ሲወጣ እብጠቱ ይረግባል። ጾሙን ውሎ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲጎርስ የሚያብጥበት ሰው ይህን ምልክት ልብ ይበለው። ንፍፊት የምግብ ሰዓት አይጠብቅም። ጆሮ ደግፍም ቢሆን ትኩሳት ይዞ መጥቶ ቀናት ቆይቶ የሚሄድ ተላላፊ በሽታ ነው፤ በየማዕዱ እየተነሳ አይረግብም።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ መላው እንምጣ። እዚህ ላይ የመረጥነው ስም አንድ ወጥመድ አለበት። «ጠጠር» ሲባል ለኩላሊት ጠጠር የሚጠጣው ሁሉ ለዚህም የሚሠራ ይመስላል። የምንጠጣው ነገር ተጣርቶ በኩላሊት በኩል ያልፋል፤ በምራቅ ቱቦ ውስጥ ግን አያልፍም። ስለዚህ የተጨመቀ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ቱቦው ውስጥ ያለውን ጠጠር ደርሶ አያሟሟውም። ጠጠርን ያሟሟል ተብሎ የተረጋገጠ ቅጠልም የለም። ዳማከሴም ሆነ ጤና አዳም መልካም ሽታ ይሰጣሉ እንጂ ጠጠር አይሰብሩም።

ታዲያ ሎሚ ለምን ይመከራል? ኮምጣጣ ነገር ምራቅ በብዛት እንዲመነጭ ያደርጋል፤ ምራቁ ደግሞ ትንሹን ጠጠር ከኋላ ገፍቶ ያስወጣዋል። ሥራው የማሟሟት ሳይሆን የመግፋት ነው። የሎሚ ቁራጭ ወይም ስኳር የሌለው ጎምዛዛ ከረሜላ በቀን ጥቂት ጊዜ መምጠጥ ይበቃል፤ ሲበዛ የጥርስን ሽፋን ይበላል። ምራቁ ጭራሽ መውጫ ካጣና ሕመሙ ከባሰ ደግሞ ወዲያው ማቆም ነው።

ከሎሚው እኩል የሚጠቅሙት ሦስት ተራ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ውሃ ነው፤ የሰውነት ድርቀት ምራቅን ያወፍራል። ሁለተኛው በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ነው፤ እብጠቱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይያዛል። ሦስተኛው ማሸት ነው፦ ከመንጋጋ ጥግ ተነስቶ ወደ አገጭ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ በቀስታ። የሚወስዱት መድኃኒት አፍ የሚያደርቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዳንድ የአለርጂና ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ በራስ ፈቃድ ሳያቋርጡ ሐኪምን ማማከር ነው። ወተትና አይብ መተው ግን አያስፈልግም፤ ጠጠሩ የሚመጣው ካልሲየም ከመብላት አይደለም።

በፍጹም የማይደረገው እብጠቱን በምላጭ መብጣት ወይም በእሳት መተኮስ ነው። ከመንጋጋ ሥር የፊት ደም ሥርና የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅስ ነርቭ ያልፋሉ። የተሳሳተ አንድ ስንጥቅ አፍን አጣምሞ ሊያስቀር ይችላል።

መንጋጋ አካባቢ ለወራት የሚያመው ሁሉ ግን ጠጠር የለበትም። ከጆሮ ፊት ለፊት አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚንቀሳቀሰው መገጣጠሚያም ይታመማል፤ ይህን «የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም» ብንለው ይገልጸዋል። እዚህ ላይ እብጠት አይታይም፤ የሚያመው ሲያኝኩ፣ ሲያዛጉ፣ ወይም ጠዋት ሲነሱ ነው። አፍ ሲከፍቱ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ሌሊት ጥርስ ማፋጨት፣ ማስቲካ ማዘውተር፣ ጫት ለሰዓታት ማኘክ ያባብሱታል። ጫት ከዚህም ሌላ አፍን ያደርቃል። ለዚህ ሕመም ሎሚ ምንም አይፈይድም። የሚረዳው ለተወሰኑ ሳምንታት ለስላሳ ምግብ መብላት፣ ማስቲካና ጫት ማቆም፣ ሙቅ ፎጣ፣ ቀላል የመንጋጋ እንቅስቃሴ እና ጥርስ ለሚያፋጭ ሰው የጥርስ ሐኪም የሚያዘጋጀው የሌሊት መከላከያ ነው። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል።

የቤት ውስጥ መላ ገደብ አለው። ትኩሳት፣ ከምላስ ሥር የሚወጣ መግል፣ የቀላ ቆዳ ከታየ ጠጠሩ ላይ ኢንፌክሽን ተጨምሯል ማለት ነው። ከምላስ ሥር ያለው ወለል አብጦ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሰዓት ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ከምግብ ጋር የማይነሳ የማይረግብ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ጠንካራ እብጠትም መመርመር አለበት።

ምርመራው አያስፈራም፤ ብዙውን ጊዜ አልትራሳውንድ ጠጠሩን ያሳያል። ቱቦው አፍ ላይ የደረሰ ጠጠር በአፍ በኩል በትንሽ ስንጥቅ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ካሜራ ወደ ቱቦው አስገብቶ ትንሹን ጠጠር በቅርጫት መሰል መሣሪያ መጎተት ተችሏል። ዕጢውን ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ ሆኗል።

ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «መንጋጋዬን ያመኛል» ብለው አያብቁ። የት እንደሚያብጥ፣ ምግብ ሲቀርብ ይነሳ እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚረግብ ይንገሩ። ከዚያም «የምራቅ ጠጠር ይሆን?» ብለው ይጠይቁ።