የቮልሷ ራዲያተር

ጠጋ ጠጋ በሉ። አቦሉ ገና አልወረደም፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሰው ከጥላ አታስወጣም፤ ስለዚህ ጊዜ አለን። የማወራችሁ የአንድ ጎረቤቴን ነገር ነው። ስሙን አልጠራውም። ሽንኩርት ነጋዴ ነው ብላችሁ ያዙልኝ፤ በእኛ ከተማ ሽንኩርት ነጋዴ ስንት እንደሆነ ስለምታውቁ ሰውየውን አላጋለጥኩትም።

አባቱ መምህር ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ሰማያዊ ቮልስ ነበረቻቸው። ድምጿ ገና ከድልድዩ ማዶ ሲሰማ እኛ ተማሪዎቹ ኳሱን ጥለን ወደ ክፍል እንሮጥ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ቮልሷ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ቆመች፣ ከዚያም ዓመት አለፈ፣ ከዚያም ዐሥር ዓመት አለፈ፣ ከዚያም ጎማዎቿ ተኙ፣ ዶሮዎቹም የኋላ ወንበሯ ላይ ዕንቁላል መጣል ጀመሩ። ካርቡሬተሯን ማን እንደነቀለው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እሷ እዚያ ቆማ ሳለ አገሩ ተለወጠ። በ2012 ዓ.ም. ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይዝ ታክስ መጣ፣ ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም ተባለ፣ ከዚያም በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና የመለዋወጫ ዋጋ ሰማይ ወጣ። ትናንት ቆርቆሮ ይባል የነበረው አሮጌ መኪና ሁሉ ንብረት ሆነ። ጎረቤቴም አንድ ጠዋት ዶሮዎቹን አባርሮ ወንበሩን ሲጠርግ አየሁት፣ ከዚያም ኮፋኖዋን ከፍቶ ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ሲያያት አየሁት።

ካርቡሬተር ፍለጋ ቴሌግራም ገባ። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት አዲስ አበባ መውጣት ለሽንኩርት ካልሆነ አልሆን ብሎት ነበርና፣ ስልኩ ላይ «ኦርጂናል ሶሌክስ፣ የጀርመን» የሚል ባየ ጊዜ ልቡ ዘለለ። ፎቶው የሚያበራ ነው። ዘጠኝ ሺ ብር በቴሌብር ላከ፣ ከዚያም ሦስት ቀን ጠበቀ፣ ከዚያም ካርቶኑ ከላምበረት መናኸሪያ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ረዳቱን ማን እንደሰጠው ሲጠይቀው «አንድ ልጅ ነው፣ አላውቀውም» አለው። ሻጩ በፕላስተር ላይ ፕላስተር ደራርቦ ነበርና በቢላ ተከፈተ። ካርቡሬተር ነው፤ ውሸት አልተናገሩም። ግን የባጃጅ ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ባጃጅ እንደ ዝንብ በሚርመሰመስበት ከተማ፣ የባጃጅ ካርቡሬተር ከአዲስ አበባ አስጭኖ ያመጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ስልክ ደወለ፣ ዝግ ነው። ቴሌግራሙን ሲከፍት የተጻጻፉት ሁሉ የለም፤ ሰውየው ከራሱ ስልክ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቴም ስልክ ደምስሶታል። ይህ እንደሚቻል እኔም ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሕግ የለም እንዳትሉኝ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ይህን ዓይነቱን ማጭበርበር በስሙ ጠርቶ ይቀጣል። ነገር ግን ማስረጃ ይዞ ለመቅረብ ንግግሩን ገና ሳይጠፋ ፎቶ አንሥቶ ማስቀረት ነበረበት።

ሰው ከዚህ በኋላ ይማራል ትላላችሁ። ምኞት ግን መቼ ይማራል? በሁለተኛው ሳምንት «ባለቤቱ ወደ ውጭ ስለሚሄድ በአስቸኳይ የሚሸጥ» የሚል አንድ ሙሉ ቮልስ አገኘ፣ ዋጋውም ሰው ከሚጠራው ግማሽ። እሷን ገዝቶ ዕቃዋን ለአባቱ ቮልስ ሊያወርስ አሰበ። ሻጩም «ሦስት ሰው እየደወለ ነው፣ 60 ሺ ቀብድ ካስገባህ ላንተ አስቀምጣታለሁ» አለው። ቀብድ የሚለው ቃል ያሞኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልስ ይላል፤ ጎረቤቴም ይህን ከደላላ ሰምቶ ነበርና «ቢከዳኝ 120 ሺ አገኛለሁ» ብሎ ልቡን ያጽናና ነበር። እጥፉን የሚመልሰው ሰውዬ ማን እንደሆነ፣ ቤቱ የት እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

እጁን ይዤ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰድኩት። እኚህ አባት ጋራዣቸውን ለልጃቸው ትተው ኒም ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ሬዲዮ የሚሰሙ ናቸው። ሰሙት፣ ከዚያም ውሃ ጠጡ፣ ከዚያም ጢማቸውን ጠረጉና «እስቲ ደውልልኝ፣ ድምፁንም ከፍ አድርገው» አሉ።

«ልጄ፣ እንደምን ዋልክ? መኪናዋ ደህና ናት?»

«አንደኛ ናት አባባ፤ ገብተው የሚነዷት ናት።»

«እኛ እንግዲህ ቆላ ነን፣ ሙቀት አለብን። ራዲያተሯ እንዴት ነው?»

«አዲስ ነው! ባለፈው ወር ያስቀየርኩት፣ ጠብታ አታፈስም።»

«አላህ ይስጥህ» አሉና ዘጉት።

ከዚያም እንዲህ ሳቁ፣ እንዲህ ሳቁ፣ ሬዲዮው ከጭናቸው ወደቀ። ቮልስ ያልነዳችሁ ከሆነ ልንገራችሁ፦ አሮጌዋ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዘውም ንፋስ ነው፤ ውሃም የላት፣ ራዲያተርም የላት። ቆላው የወደዳትም በዚሁ ነበር።

ጎረቤቴ ግን አሁንም አልቆረጠለትም። «ምናልባት መኪና የማያውቅ ወንድሙ ይሆናል» አለ። አዛውንቱ አልተቆጡትም። ፎቶውን አስመጥተው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከዚያም ጣታቸውን መሪው ላይ አስቀመጡ። መሪው በስተቀኝ ነው። «እኔ አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር ልጅ ነበርኩ» አሉ፤ «ይቺ ግን የተነሣችው በግራ የሚነዳ አገር ነው። እንግዲህ የኋላ ወንበሩን አንሥቶ፣ ከሥሩ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከዛሬ ቀን ጋር ፎቶ ይላክልን፣ ቀድሞ ከላከልህ ሊብሬ ጋር እናስተያየው።» ይህ ተጻፈለት። ሻጩ መልስ አልሰጠም። ከዚያም የሊብሬውን ስምና ገንዘቡ ግባ የተባለበትን የባንክ ሒሳብ ስም አስተያየን፤ ሊብሬው የወንድ፣ ሒሳቡ የሴት። «የእህቴ ነው» ብሎት ነበር አሉ። ማታ ላይ ሰውየው ጎረቤቴን ዘጋው፣ 60 ሺውም ሳይላክ ጎረቤቴ ኪስ ውስጥ አደረ።

በሳምንቱ ካርቡሬተሩን በእጃችን መርጠን ልንገዛ ሦስታችንም ወደ አዲስ አበባ ወጣን። ሳይነጋ ተነሣን፤ ሮቢት በሸሚዝ የተነሣ ሰው ደብረ ሲና ላይ ጋቢ ይፈልጋልና ደረብን፣ ከዚያም ቆሎ ገዛን፣ ከዚያም ዳገቱን እየዞርን እየዞርን ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሹፌራችን መብራት አብርቶ በእግር እንደሚሄድ ሰው ዝግ አለ። ጣልያን ያስቦረቦረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ አዛውንቱ «እኔ በቮልስ ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ በሁለተኛ ማርሽ» አሉና ወደ ዝምታቸው ተመለሱ። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ጠጣን፣ ጣታችንም ብርጭቆው ላይ ሞቀ።

መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ውስጥ አዛውንቱ ካርቡሬተሩን ያገኙት በአራተኛው ሱቅ ነው። ሦስቱን ይዘው፣ ዘንጉን ወዝውዘው፣ «ይሄ አየር ይስባል» ብለው መለሱ። አራተኛውን ቀዳዳ ቀዳዳውን እየነፉ በጆሯቸው ሰሙት፣ ከዚያም ዋጋ ተከራከሩ፣ ከዚያም በጨርቅ ጠቅልለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ባለ ሱቁ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሰጠ፣ «ካልሠራ መልሱት» ብሎም ጻፈበት። ዋጋው? ከዘጠኝ ሺው በላይ ነው፤ ምን ያህል እንደሆነ ጎረቤቴ ለሚስቱ ስላልነገራት እኔም አልናገርም።

ቮልሷ ተነሣች። ሊብሬዋ በሟቹ መምህር ስም ስለሆነ የውርሱ ወረቀት እስኪያልቅና ቦሎ እስኪለጠፍባት ከግቢው አትወጣም፤ ማታ ማታ ግን ጎረቤቴ ሞተሯን ያስነሣል፣ ዶሮዎቹም ወደ ማንጎው ቅርንጫፍ ይወጣሉ። ዘጠኝ ሺዋ አልተመለሰችም። የባጃጁን ካርቡሬተር መናኸሪያው በር ላይ የሚሠራ አንድ ረጅም ልጅ በስምንት መቶ ብር ገዛው፤ ትናንት ወደዚህ ስመጣ የተሳፈርኩት በእሱ ባጃጅ ነው።