ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ለኢኮኖሚክስ መምህር የተላለፈ አደራ

ኢኮኖሚክስ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ትምህርት የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሀብትና ስለ ንግድ በአማርኛ አጥልቀው የጻፉ ሰው ነበሩን፤ እርሳቸውም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ነጋድራስ በድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ በተሾሙ ጊዜ፥ በ1895 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ የደረሰው የምድር ባቡር ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ያወርድ፥ የፈረንጅ ሸቀጥም ያመጣ ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፥ ሀብት የሚገኘው ከሥራ ነው፤ ሥራም የሚያፈራው በዕውቀት ሲታገዝ ነው። ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ዕውቀት ከበዛለት ጋራ ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ሥራ ይቀበላል።

እርሳቸው ግን በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ መጽሐፉም የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እስኪከፈት፥ እስከ 1943 ዓ.ም.፥ 27 ዓመት አለፈ። ዕውቀት ተተኪ ካላገኘ በመጽሐፍ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል።

ዛሬ ተተኪውን የሚያወጣው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። እርሱም ትርጓሜውን በጥቁር ሰሌዳ ጽፎ ከማለፍ ይልቅ ተማሪውን ወደ ገበያ ይላከው፤ እህል ከመከር በኋላ ለምን እንደሚረክስ፥ በክረምትም ለምን እንደሚወደድ ከገበሬውና ከነጋዴው ጠይቆ ይምጣ። ርእሰ መምህሩም ለዚህ ሥራ ጊዜና መጽሐፍ አይንፈገው። በባንክ፥ በስታቲስቲክስና በልማት ዕቅድ አገሩን የሚያገለግል ባለሙያ የሚገኘው፥ የጤፍን ዋጋ ምክንያት ከሚጠይቅ ልጅ ነውና።