ሳነቴን የሚሻገር ድምፅ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ሬዲዮ ባሌ እንዴት እንደደረሰ ልተርክላችሁ።

መጀመሪያ አጭር ሞገድ ነበር። አጭር ሞገድን ተራራ አይበግረውም፤ ወደ ላይ ይወጣና ከሰማይ ነጥሮ ይመለሳል። የጀርመን ድምፅ በመጋቢት 1957 ዓ.ም. የአማርኛ ሥርጭቱን ሲጀምር፣ ከኮሎኝ የተነሣው ወሬ ጎባን አልፎ ደሎ መና ለመግባት የሳነቴን አምባ ፈቃድ አልጠየቀም። የደከመ ባትሪ ፀሐይ ላይ አሙቆ፣ አንቴናውን ስቦ ያዳመጠ ሁሉ ሰማው። አስተያየት ያለው ደግሞ ወረቀት አውጥቶ ይጽፋል። ፖስታው ይዘገያል፤ ቢዘገይም የአድማጭ ደብዳቤ ለሬዲዮ ሰዎች ትልቅ ነገር ነበር።

ከዚያ ኤፍኤም መጣ። ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ድምፁ የጠራ፣ ጨዋታው የጣመ። ነገር ግን የኤፍኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጋራ ሲገጥመው ይቀራል። የባሌዋ ሮቤ ደግሞ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የጋዜጠኛ መዓዛ ብሩን የሸገር ዝግጅት፣ «የጨዋታ እንግዳ»ን፣ የሚወድ የሮቤ ሰው ምን ያድርግ?

ኢንተርኔት መንገድ ከፈተለት። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከአምስተርዳም ሬዲዮ ጋርደን የሚባል ነፃ አገልግሎት ወጣ፤ የምድርን ሉል በጣታችሁ አዙራችሁ ከተማ ስትነኩ የከተማዋ ጣቢያ ይናገራል። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ዛሬ ብዙ ናቸው።

እናላችሁ፣ ወገኖቼ፣ ወሳኙ ነገር እዚህ ላይ ነው። መተግበሪያው በነፃ ይወርዳል፤ የዳታውን ሒሳብ ግን አድማጩ ይከፍላል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚፈስ ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ወደ 32 ኪሎቢት ቢወርድ ከ14 ሜጋባይት ብዙም አይዘልም፤ ለወሬና ለጨዋታ ደግሞ ይበቃል። በቀን ገቢው ለሚያድር የባጃጅ ሾፌር ይህ ልዩነት መስማትና አለመስማት ነው።

መተግበሪያ የምትሠሩ፣ ይህን ማን ይንገራችሁ? ለመተግበሪያው ኮከብ የሚሰጠው መረቡ የሞላለት ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና ሲጓዝ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ድምፁ የተቋረጠበት ሰው አይጽፍላችሁም፤ መተግበሪያውን አጥፍቶ ዝም ይላል። የዚህ ሰው ዝምታ ከመቶ ምስጋና ይበልጥብኛል።

ስለዚህ በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች፣ ለእንዲህ ያለው አድማጭ የሚሆን መተግበሪያ መሥራቱን እናንተ ጀምሩት። አነስተኛውን የድምፅ ጥራት መነሻ አድርጉት። አስተያየቱንም በጽሑፍ ብቻ አትጠብቁ፤ አድማጩ በኦሮምኛም በአማርኛም በድምፁ የሚናገርበት ቁልፍ አስገቡለት። ገበያ ቀን ወጥታችሁም «የት ስትደርስ ተቋረጠብህ? ካርድህ ስንት ቀን ቆየልህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚነግራችሁንም በሚቀጥለው እትም ላይ አሳዩት።