የብራይተን እግር ኳስ ክለብ፣ የከተማው ምክር ቤትና የፋልመር ዩኒቨርሲቲዎች

ብራይተን ኤንድ ሆቭ አልቢዮን በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ በሰሴክስ የሚገኝና በ1901 የተመሠረተ የእግር ኳስ ክለብ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፕሪሚየር ሊግ ተመልካች በስፖንሰሩ ስም «አሜክስ» ብሎ የሚያውቀው ስታዲየሙ ከከተማው መሀል ወጣ ብሎ፣ ፋልመር በተባለች መንደር አጠገብ፣ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ቆሟል። እዚያ የቆመው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ክለቡ ሜዳውን ካጣበት ከ1997 አንስቶ አዲሱ ስታዲየም እስከተከፈተበት እስከ 2011 ድረስ የነበሩት 14 ዓመታት የክለቡን ታሪክ ከግብ ይልቅ በመሬት፣ በፈቃድና በወሰን ጉዳይ የሞሉ ነበሩ። በዚያ ታሪክ ውስጥ አንድ ምክር ቤት ደጋፊ፣ ሌላው ምክር ቤት ተቃዋሚ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ጎረቤት ሆነው ይታያሉ።

የጎልድስቶን ሽያጭ

ክለቡ ከ1902 ጀምሮ ሆቭ ውስጥ በሚገኘው የጎልድስቶን ሜዳ ይጫወት ነበር። ሜዳው የራሱ ንብረት ነበር፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዕዳ በርትቶበት የነበረው የክለቡ አመራር፣ በአብላጫ ባለድርሻው በቢል አርቸርና በዋና ሥራ አስፈጻሚው በዴቪድ ቤሎቲ ዘመን፣ ሜዳውን በ1995 ለንብረት አልሚ ኩባንያ ሸጠው። በምትኩ የተዘጋጀ ሜዳ አልነበረም። ደጋፊው ተቆጣ። በኤፕሪል 1996 ከዮርክ ሲቲ ጋር የተጀመረው ጨዋታ ሕዝቡ ሜዳውን በማጥለቅለቁ ተቋረጠ። በፌብሩዋሪ 1997 ደግሞ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክለቦች የመጡ ደጋፊዎች የየቡድናቸውን ማሊያ ለብሰው ለብራይተን ድጋፋቸውን ለማሳየት ጎልድስቶን ተሰበሰቡ።

ብራይተንንና ሆቭን በአንድ አስተዳደር ያዋሐደው ምክር ቤት ሥራ የጀመረው በኤፕሪል 1 ቀን 1997 ነው። ጎልድስቶን የመጨረሻ ጨዋታውን ያስተናገደው በዚያው ወር 26ኛ ቀን ሲሆን፣ ክለቡ ዶንካስተር ሮቨርስን 1 ለ 0 አሸንፎ ሜዳውን ተሰናበተ። በሳምንቱ በሄርፎርድ ሜዳ ከባለሜዳው ጋር 1 ለ 1 ወጥቶ ከሊጉ ከመውረድ ለጥቂት ተረፈ፤ ወራጁ ሄርፎርድ ሆነ። አዲሱ ምክር ቤት ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ቤት የሌለው ክለብ እጁ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ጎልድስቶን ፈርሶ የገበያ ማዕከል ተሠራበት።

በምክር ቤቱ የአትሌቲክስ ሜዳ

የሚቀጥሉትን ሁለት የውድድር ዘመናት ክለቡ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በኬንት በሚገኘው በጊሊንግሃም ሜዳ ተጫወተ። «በሜዳችን» የሚባለው ጨዋታ ለብራይተን ሰው የግማሽ ቀን ጉዞ ነበር፤ ተመልካቹም ተመናመነ። የክለቡን አመራር በ1997 የተረከበው ዲክ ናይት ቡድኑን ወደ ከተማው ለመመለስ የነበረው አማራጭ አንድ ብቻ ነበር፤ የከተማው ምክር ቤት ንብረት የሆነው የዊዝዲን የአትሌቲክስ ስታዲየም።

ክለቡ በ1999 ወደ ዊዝዲን ገባ። ቦታው በመኖሪያ ሰፈር መካከል ነው። የሩጫ መም ሜዳውን ከብቦታል፤ መቀመጫው አብዛኛው ተገጣጣሚ ነበር፤ ደጋፊው ዝናብ ሲመጣ ይበሰብስ ነበር። ምክር ቤቱ ፈቃዱን የሰጠው ለጊዜው ብቻ ነበር፤ ክለቡ ቋሚ ሜዳ ባለማግኘቱ ፈቃዱ እየታደሰ ሄደ። ከፈቃዱ ጋር ጠበቅ ያሉ ግዴታዎች ተያይዘዋል። በጨዋታ ቀን በአካባቢው መንገዶች መኪና ማቆም ለደጋፊ የተከለከለ ነበር፤ የድምፅ ማጉያው ልክ ሳይቀር ቁጥጥር ነበረበት። ለኳስ ሕዝብ «ድምፅህን ቀንስ» ማለት እንግዳ ነገር ነው፤ ሆኖም ክለቡ ተቀበለው። ከግዴታዎቹ ሁሉ ዘላቂ ውጤት ያመጣው ግን የትራንስፖርቱ ነው፤ የአውቶቡስና የባቡር ዋጋ በመግቢያ ትኬቱ ውስጥ ተካተተ። ይህ አሠራር በኋላ ለፋልመር ዕቅድ ዋና መከራከሪያ ሆነ፤ ክለቡ ደጋፊውን ከመኪና አውርዶ ባቡር ላይ ማሳፈር እንደሚችል በተግባር አሳይቶ ነበርና።

ዊዝዲን በኳሱ በኩል ያፈራው ፍሬ ከመቀመጫው ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ከ9,000 ያነሰ ሰው በሚይዝ ሜዳ ላይ እየተጫወተ ክለቡ በ2001 እና በ2002 በተከታታይ የየዲቪዚዮኑን ዋንጫ አነሣ፤ በ2011 ደግሞ የሊግ ዋን አሸናፊ ሆነ።

የፋልመር ወሰን

ፋልመር የብራይተንና ሆቭ ከተማ የሚያልቅባት፣ የሉዊስ ወረዳ የሚጀምርባት መንደር ናት። በአጠገቧ ኤ27 የተባለው ፈጣን መንገድ ያልፋል፤ ከ1846 ጀምሮ ብራይተንን ከሉዊስ የሚያገናኘው የባቡር መስመርም እንዲሁ። ከመንገዱ ሰሜን፣ በ1961 የተከፈተውና አርክቴክቱ ባዚል ስፔንስ የነደፈው የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ አለ። በደቡብ በኩል ደግሞ የብራይተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገኛል። ይህ ተቋም ፖሊቴክኒክ ሆኖ ቆይቶ በ1992 ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገ ነው። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ሳውዝ ዳውንስ የተባሉት የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች ተዘርግተዋል። እነዚህ ኮረብቶች በተፈጥሮ ውበታቸው ምክንያት በሕግ የተጠበቁ ነበሩ፤ በኋላም ብሔራዊ ፓርክ ሆነዋል።

ለስታዲየሙ የተመረጠው ቦታ ከብራይተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጋር የሚዋሰን ሲሆን፣ አብዛኛው በከተማው፣ ጥቂቱ በሉዊስ ወረዳ ክልል ውስጥ ያርፋል። ለክለቡ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ የባቡር ጣቢያው በደጃፉ ነው፣ አውራ ጎዳናው ቅርብ ነው፣ እንደ ዊዝዲን በጩኸት የሚማረር ሰፈር የለም። ለሉዊስ ወረዳ ምክር ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የስታዲየሙ ገቢና ዝና ወደ ከተማው ይሄዳል፤ የተጠበቀው ገጠርና ጸጥታው የሚነካበት፣ የመኪናው ትርምስ የሚደርስበት የሉዊስ መራጭ ነው። በእኔ ግምት ይህን ተቃውሞ የኳስ ጥላቻ አድርገው የተረጎሙት ደጋፊዎች ተሳስተዋል፤ ምክር ቤቱ የመረጡትን ሰዎች ፍላጎት ይዞ ነበር የሚከራከረው፤ የብራይተንም ምክር ቤት እንዲሁ።

የከተማው ምክር ቤት አቋሙን ከመያዙ በፊት ነዋሪውን ጠየቀ። በሜይ 1999 በተካሄደው የአካባቢ ሕዝበ ውሳኔ 68 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ስታዲየሙ በፋልመር እንዲሠራ ደገፈ። አንድ የእግር ኳስ ክለብ ሜዳው የት እንዲሆን የከተማ ሕዝብ ድምፅ ሲሰጥ ማየት በእንግሊዝ የተለመደ አይደለም። ምክር ቤቱም በ2002 የግንባታውን ማመልከቻ ተቀብሎ አጸደቀ።

በእንግሊዝ ሕግ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት ነው፤ ማዕከላዊው መንግሥት ግን ከበድ ያለ ጉዳይ ሲያጋጥም ከምክር ቤቱ እጅ ወስዶ ራሱ ሊወስን ይችላል። የፋልመርም ዕጣ ይኸው ሆነ። በ2003 የተካሄደው የመጀመሪያው አጣሪ ጉባኤ ሲያበቃ ጉባኤውን የመራው መርማሪ ፈቃዱ እንዳይሰጥ ሐሳብ አቀረበ። ጉዳዩ የተመራለት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ፕሬስኮት ሐሳቡን ወዲያው አልተቀበለም፣ አልጣለውምም፤ ሌሎች አማራጭ ቦታዎች እንዲፈተሹ ሁለተኛ ጉባኤ አስጠራ። በዚህ መሀል ደጋፊዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ለፕሬስኮት በፍቅረኞች ቀን አበባ ላኩለት፤ በጃንዋሪ 2005 ደግሞ ፋልመርን የሚጠይቅ የሙዚቃ ነጠላ አውጥተው በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 17ኛ ደረጃ ላይ አደረሱት። በኋላም ከመካከላቸው የራሳቸውን ፓርቲ አቋቁመው በሉዊስ ወረዳ ምርጫ የተወዳደሩም ነበሩ።

ፕሬስኮት በኦክቶበር 2005 ፈቃዱን ሰጠ። ደስታው ግን አልቆየም። የሉዊስ ወረዳ ምክር ቤት ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ፤ የውሳኔው ደብዳቤ ቦታው ከከተማው የተገነባ ክልል ወሰን አንጻር የት እንደሚያርፍ በትክክል አላሰፈረም ነበርና መንግሥት በ2006 ስሕተቱን አምኖ ውሳኔው ተሻረ። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ጉድለት ክለቡ ተጨማሪ ዓመት ከፈለ። ጉዳዩን የወረሰችው ሚኒስትር ሄዝል ብሊርስ በጁላይ 2007 እንደገና አጸደቀችው፤ ሉዊስም ከዚያ በኋላ ይግባኝ ላለማለት ወሰነ።

ስታዲየሙና ጎረቤቶቹ

ሥራው የተጀመረው በዩኒቨርሲቲው በኩል ነው። በኖቬምበር 2008 በቦታው ላይ የነበሩት ሁለት የብራይተን ዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ፈረሱ፤ በዲሴምበር ዋናው ግንባታ ቀጠለ። ሕንፃው ከኮረብቶቹ በላይ ገኖ እንዳይታይ ሜዳው በኖራው ውስጥ ዝቅ ብሎ ተቆፈረ፤ የስታዲየሙ ጣሪያም የኮረብቶቹን ክብ ቅርጽ እንዲከተል ሆኖ ተነደፈ። በእነዚህ ምርጫዎች ውስጥ የአጣሪ ጉባኤዎቹ ክርክር አሻራ ይታያል። በ2009 ሊቀመንበር የሆነው ቶኒ ብሉም የገንዘቡን ሸክም ተሸከመ፤ ወጪው 93 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። በኦገስት 2011 የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ሲደረግ እንግዳው ቡድን በጎልድስቶን የመጨረሻ ጨዋታ የተሸነፈው ያው ዶንካስተር ሮቨርስ ሆነ፤ ብራይተን 2 ለ 1 አሸነፈ።

ስታዲየሙ ሲከፈት የያዘው 22,000 ያህል ሰው ነው። የከተማው ምክር ቤት በ2012 ከ30,000 በላይ እንዲሆን ፈቀደ፤ የትራንስፖርት ዕቅዱ በዚህ ጊዜም የፈቃዱ ማሰሪያ ነበር። የመቀመጫ ቁጥር ሲጨምር መጀመሪያ የሚጠየቀው ትርፉ ሰው በምን ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል የሚለው ነው። የፋልመር ጣቢያ በአዘቦት ቀን የተማሪዎች ጣቢያ ነው፤ በጨዋታ ቀን ግን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ባቡሩም ሁሉን በአንዴ አይወስድም። የዩኒቨርሲቲዎቹ ግቢዎች የጨዋታ ቀን መኪና ማቆሚያ ሆነው አገልግለዋል። በሉዊስ መንገድ ላይ ያለው ሚዝራስ ሃውስ የተባለው የብራይተን ዩኒቨርሲቲ ሕንፃም ደጋፊው መኪናውን አቁሞ በአውቶቡስ ወደ ስታዲየሙ የሚሄድበት ቦታ ነበር። ከዚህ አንጻር የክለቡና የዩኒቨርሲቲዎቹ ግንኙነት በየሁለት ሳምንቱ የሚታደስ የጉርብትና ጉዳይ ነው፤ የፈተና ወቅትና የማክሰኞ ማታ ጨዋታ ሲገጣጠሙ መስማማት ያስፈልጋል።

ስታዲየሙ ከክለቡ ጨዋታ ውጭም ከተማውን አገልግሏል። በ2015 የራግቢ የዓለም ዋንጫ ጃፓን ደቡብ አፍሪካን 34 ለ 32 ያሸነፈችው እዚህ ነው፤ በ2022 የሴቶች የአውሮፓ ዋንጫም እንግሊዝ ኖርዌይን 8 ለ 0 የረታችበት ሜዳ ይኸው ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በ2020 የመኪና ማቆሚያው ሰዎች ከመኪናቸው ሳይወርዱ የሚመረመሩበት ጣቢያ ሆኖ አገለገለ።

የክለቡና የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ትስስር ከስታዲየሙ ይቀድማል። ቡድኑ የራሱ የልምምድ ማዕከል ስላልነበረው ለዓመታት ይለማመድ የነበረው በዩኒቨርሲቲው የፋልመር የስፖርት ሜዳዎች ላይ ነበር፤ በዊዝዲን ዋንጫ ያነሣ ቡድን በሥራ ቀናት የተማሪዎች ጎረቤት ነበር ማለት ነው። ይህ ያበቃው ክለቡ በ2014 ላንሲንግ ውስጥ የልምምድ ማዕከሉን ሲከፍት ነው። ላንሲንግ ከብራይተንም ከሉዊስም ውጭ፣ በአዱር ወረዳ ምክር ቤት ሥር ናት፤ በዚያ የተጠየቀው ፈቃድ የፋልመርን ያህል ዓመታት አልፈጀም።